ጽንስ ከመቼ ጀምሮ ሰው ነው? የካቶሊክ ትምህርት፣ የረቢዎች ሕግ እና የእኛ ኦሪት

ፈተና ሲቃረብ ከእኛ ብዙዎቹ የሚገናኙት ቢሉ ሴንተር ነው። ከረሆቮትም ከኪርያት ኤክሮንም ለሚመጣ ቅርብ ነው፤ ቡና ይዞ ረጅም ሰዓት መቀመጥም ይቻላል። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ምሽት፣ ነርስነት የምታጠና ጓደኛችን የሕክምና ሥነ ምግባር ደብተሯን ዘርግታ ሳለ በድንገት ሳቀች። «መምህሩ እንዳስተማረን ካቶሊኮች ጽንስ ከተፀነሰ ጀምሮ መነካት የለበትም ይላሉ፤ አይሁድ ግን ይፈቅዳል። እናቴ ደግሞ ‹ነፍስ ነው፣ አይነካም› ነው የምትለው። እንግዲህ እናቴ ካቶሊክ ሆና አረፈችው?» አለችን። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ነው። ፍርድ ለመስጠት አይደለም፤ እኛ ቄስም ረቢም ሐኪምም አይደለንም። ዓላማችን ማን ምን እንደሚል በትክክል ማወቅ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ትምህርቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሰው ሕይወት ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ ሊከበርና ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ጽንስን ሆን ብሎ ማጥፋት በምንም ምክንያት አይፈቀድም። በ1992 የታተመው የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርተ ክርስቶስ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1995 «የሕይወት ወንጌል» በተባለው መልእክታቸው በሰፊው አብራርተውታል።

ምክንያታቸው ሁለት እግር አለው። አንደኛው፣ ከመፀነስ እስከ መወለድ ባለው ጊዜ ውስጥ «እስከዚህ ድረስ ሰው አልነበረም፣ ከዚህ ወዲህ ሰው ሆነ» ብሎ መስመር ማስመር አይቻልም፤ ዕድገቱ ያልተቋረጠ የአንድ ፍጡር ዕድገት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ጥርጣሬ ነው። ቁጥቋጦ ሲንቀሳቀስ ያየ አዳኝ፣ ከውስጡ ያለው ሰው ይሁን አውሬ ካላወቀ መተኮስ የለበትም። ጽንሱም ሰው የመሆን ዕድል ብቻ እንኳ ካለው፣ እጅን ለመሰብሰብ ያ በቂ ነው ይላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ይህ ትምህርት የታመመችን እናት ማከም አይከለክልም። ነፍሰ ጡር ሴት የማኅፀን ካንሰር ቢይዛት ማኅፀኗን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይፈቀዳል፤ የጽንሱ መሞት የታወቀ ቢሆንም የታሰበው እሱ አይደለምና። ጽንሱን ራሱን ማጥፋት የመዳኛ መንገድ ሲሆን ግን፣ የእናቲቱን ሕይወት ለማትረፍም ቢሆን አይፈቅዱም። ከአይሁድ ሕግ ጋር በግልጽ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የይቅርታ ጉዳይ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ጽንስ ማስወረድ ከማኅበረ ምእመናን እስከ መለየት የሚያደርስ ጥፋት ነው። ሆኖም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 ለሁሉም ካህናት ይህን ኃጢአት የመፍታት ሥልጣን ሰጡ። ተጸጽታ የመጣችን ሴት ማንኛውም ካህን ይቀበላታል ማለት ነው።

አንዱ ጥቅስ፣ ሁለት ንባብ

ቤተ ክርስቲያኒቱ ጽንስ ማስወረድን ከጥንት ጀምሮ ኃጢአት ብላለች። ነፍስ መቼ እንደሚገባ ግን ሁልጊዜ በአንድ ቃል አልተናገረችም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቶማስ አኩዊናስ የአርስቶትልን ሐሳብ ተከትሎ፣ የሰው ነፍስ የሚሰጠው አካሉ ከተቀረጸ በኋላ ነው ይል ነበር። በቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጣት ላይም «የተቀረጸ» እና «ያልተቀረጸ» ጽንስ የሚል ልዩነት ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ልዩነቱን በ1869 የሰረዙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዘጠነኛ ናቸው።

ይህ ልዩነት ከፍልስፍና ብቻ አልመጣም፤ ከኦሪትም ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ከቁጥር 22 ጀምሮ፣ ሰዎች ሲደባደቡ ነፍሰ ጡር ሴት ተመትታ ጽንሷ ስለሚወርድበት ጉዳይ ይናገራል። በዕብራይስጡ ሌላ ጉዳት ካልደረሰ መቺው ካሳ ይከፍላል፤ ጉዳት ከደረሰ ሕይወት ስለ ሕይወት ይሰጣል። ረቢዎቹ ጉዳቱን በሴቲቱ ላይ የደረሰ አድርገው ያነቡታል። ስለዚህ ለጽንሱ የሚከፈለው ካሳ ነው፤ በነፍስ የሚያስጠይቀው የእናቲቱ ሞት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ የነበሩ አይሁድ ወደ ግሪክ በመለሱት የሰባ ሊቃናት ትርጉም ግን ጥቅሱ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የሚጠየቀው ጽንሱ መልኩ ተቀርጿል ወይስ አልተቀረጸም የሚለው ነው። ካልተቀረጸ ካሳ፣ ከተቀረጸ ሕይወት ስለ ሕይወት። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ያነበቡት ይህን ነው።

ነገሩ ወደ እኛ ቤት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቄሶቻችን በጎንደርና በትግራይ ሲያነቡት የኖሩት የግእዝ ኦሪት የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። ሚሽናና ታልሙድ ወደ ቤተ እስራኤል አልደረሱም፤ የረቢዎቹን ንባብ የተዋወቅነው እዚህ አገር ስንመጣ ነው። የጓደኛችን እናት ቃል ከዚህ አንድ ጥቅስ ተቀዳ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የአያቶቻችን ኦሪትና የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ኦሪት ከአንድ የግሪክ ምንጭ የተቀዱ ስለሆኑ፣ እናቷ እንደ ካቶሊክ ብትሰማ አያስገርምም። ካቶሊክ ስለሆነች አይደለም።

ረቢዎቹስ በእርግጥ ይፈቅዳሉ?

«አይሁድ ይፈቅዳል» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ሚሽና በኦሆሎት ክፍል፣ ምጥ በጠናባት ሴት ላይ ሕይወቷ ከጽንሱ ሕይወት ይቀድማልና ጽንሱን ቆራርጦ ማውጣት እንደሚገባ ያዛል። አብዛኛው አካሉ ከወጣ በኋላ ግን አይነካም፤ አንዱን ነፍስ ለሌላው ነፍስ መስጠት አይቻልምና። ታልሙድ ደግሞ እስከ 40ኛው ቀን ያለውን ጽንስ እንደ ውኃ የሚቆጥር አነጋገር አለው።

ይህ ግን እንዳሻው ይደረግ ማለት አይደለም። ባለፈው ክፍለ ዘመን ረቢ ሞሼ ፋይንስታይን የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር አጥብቀው ከለከሉ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ረቢ ኤሊዔዘር ዋልደንበርግ ግን ጽንሱ ቴይ ሳክስ የተባለው ገዳይ በሽታ ሲገኝበት እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ፈቀዱ። ሁለቱም ታላላቅ ሊቃውንት ናቸው። በረቢዎቹ መንገድ ጥያቄው የሚታየው እንደየሴቲቱ ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ነው ከአንዱ መልስ ለሁሉም የሚሆን ሕግ ማውጣት የሚያስቸግረው።

የአገሩ ሕግ

መንግሥት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። በእስራኤል የ1977ቱ የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው በቫዓዳ ነው። ቫዓዳው ሁለት ሐኪሞችና አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ያሉበት ሲሆን፣ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን አለባት። ምክንያቶቹ አራት ናቸው፦ የሴቲቱ ዕድሜ ከጋብቻ ዕድሜ በታች ወይም ከ40 በላይ ሲሆን፤ እርግዝናው ከጋብቻ ውጭ ወይም በሕግ ከተከለከለ ግንኙነት ሲመጣ፤ ጽንሱ የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ሊኖረው ሲችል፤ እርግዝናው የሴቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ሲጎዳ። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልጋትም። የቫዓዳው ፈቃድ ሐኪምን አያስገድድም።

በጁን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1973ቱን ውሳኔ ሲሽር፣ በዚያው ሰሞን የእስራኤል ክኔሴት ኮሚቴ ደንቡን አቀለለ፤ ሴቲቱ ቫዓዳው ፊት በአካል መቅረቧ ግዴታ መሆኑ ቀረ። በኢትዮጵያም በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551፣ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት ለተፀነሰ፣ ለእናቲቱ ወይም ለጽንሱ ጤና አደጋ ላለበትና ለመሰል ጉዳዮች ይፈቅዳል። የአሜሪካንን ክርክር በስልክ ስንከታተል የራሳችን አገሮች ሕግ ሌላ መሆኑን እንዳንረሳ።

ጥያቄው በሳይንስም አልተዘጋም። ከቢሉ ሴንተር ብዙም በማይርቀው የቫይዝማን ተቋም የፕሮፌሰር ያዕቆብ ሐና ቡድን በ2023፣ ያለ ወንድ ዘር፣ ያለ እንቁላልና ያለ ማኅፀን፣ ከግንድ ሕዋሳት ብቻ የ14 ቀን ጽንስ የሚመስል ሞዴል መሥራቱን አሳወቀ። ሞዴል ነው፤ ጽንስ አይደለም። ሆኖም «ከመፀነስ ጀምሮ» ለሚለውም ሆነ «ከ40ኛው ቀን» ለሚለው አዲስ ጥያቄ ያስነሣል፤ ያልተፀነሰ ነገር ከየትኛው ቀን ይቆጠራል?

ለእኛ ለምን ይጠቅማል?

ከእኛ አንዷ የ14 ዓመት ልጅ ሳለች አክስቷን አስከትላ ወደ ክሊኒክ እንደሄደች ነገረችን። ሐኪሙ የጽንሱ ምርመራ ጥሩ ውጤት እንዳላሳየ በዕብራይስጥ ተናገረ፤ «መቀጠል ትፈልጋለች?» ብሎም ጠየቀ። ልጅቷ ለአክስቷ «ሌላ ምርመራ ይደረግ ይላሉ» አለቻት። የከበደውን ቃል በአማርኛ ለታላቅ ሰው መናገር አፈረች። አክስቷ እውነቱን የሰማችው ከሳምንት በኋላ ነው።

የማኅበረሰባችን ሴቶች ሳይገባቸው ስለ ማኅፀናቸው መወሰኑ አዲስ ነገር አይደለም። በ2012 መጨረሻ በቴሌቪዥን የቀረበውን የዴፖ ፕሮቬራ መርፌ ጉዳይ እናስታውሳለን። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴር፣ ሴቲቱ የሕክምናውን ውጤት አለመረዳቷ የሚያጠራጥር ከሆነ መርፌው እንዳይታደስላት ለኩፓት ሆሊሞች መመሪያ ሰጠ። ያ የእርግዝና መከላከያ ጉዳይ ነበር፤ ይህ የጽንስ ጉዳይ ነው። ሥሩ ግን አንድ ነው፤ ያልገባት ሴት ፈቀደች አይባልም። የቫዓዳው ሕግም ቢሆን ሴቲቱ ጉዳቱ ተብራርቶላት በጽሑፍ እንድትስማማ ያዛል። ስለዚህ እናቶቻችንና አክስቶቻችን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ በአማርኛ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ እንጠይቅላቸው። ታናሽ እህቶቻችንን ለዚህ አንላካቸው።

ለጓደኛችን የሰጠናት መልስ ይህ ነው፦ እናትሽ ካቶሊክ አይደለችም፤ መምህርሽም ሁሉንም አልነገረሽም። ካቶሊኩ ጽንሱን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ይጠብቃል፤ ረቢው የእናቲቱን ሕይወት አስቀድሞ እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው ይመረምራል፤ መንግሥት በሦስት ሰው ይወስናል። የአያቶችሽን መንገድ ግን በደብተርሽ አታገኚውም። በሚቀጥለው ሰንበት ቄሱን ጠይቂያቸው፤ ኦሪቱን ከፍተው ያንን ጥቅስ በግእዝ ያንብቡልሽ፣ በአማርኛም ይተርጉሙልሽ። እናትሽም አብራሽ ትቀመጥ። እሷና አንቺ ስለዚህ ነገር ተነጋግራችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ከዚያ ጥቅስ መጀመር ትችላላችሁ።