ዘይቱ ቀድሞ ተናግሮ ነበር

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2025 ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ በምዕራብ ለንደን የሚገኘው የኖርዝ ሃይድ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ በእሳት ተያያዘ። የነደደው 25 ሺህ ሊትር ዘይት የያዘ ትልቅ ትራንስፎርመር ነበር። ከ70 ሺህ በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያም በማግስቱ አብዛኛውን ቀን ተዘግቶ ዋለ። ከ270 ሺህ በላይ መንገደኞች ጉዟቸው ተስተጓጎለ።

በዚያው ዓመት ጁላይ የወጣው የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት ጣቱን የቀሰረው ቡሺንግ በሚባለው ክፍል ላይ ነው። ቡሺንግ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመው መስመር ከትራንስፎርመሩ ጋን ጋር ሳይነካካ ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት መከለያ ነው። ወደዚህ ክፍል እርጥበት ሳይገባ አልቀረም፤ ሾርት ተፈጠረ፣ ዘይቱም ተቀጣጠለ። የሚያስቆጨው ግን ሌላው ነው። በጁላይ 2018 ከዚያው ቡሺንግ የተቀዳው የዘይት ናሙና የእርጥበቱ መጠን ከፍ ማለቱን አሳይቶ ነበር። የመስመሩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የራሱ መመሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ ውጤት ሲታይ ቡሺንጉ ይቀየር ይላል። አልተቀየረም። በ2022 ሊደረግ የሚገባው መደበኛ ጥገናም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ዘይቱ ይህን ያህል ምስጢር የሚያወጣው ለምንድን ነው? ትልቅ ትራንስፎርመር ውስጡ ሲታይ የብረት እምብርት፣ በዙሪያው በወረቀት የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ፣ ሁሉንም የዋጠ ዘይት ነው። ዘይቱ ሙቀት ያበርዳል፣ ኤሌክትሪክም እንዳያልፍ ይከላከላል። ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ሞለኪውሎቹ ይሰበሩና ጋዝ ይወጣቸዋል፤ የጋዙ ዓይነት ደግሞ እንደ ጉዳቱ ይለያያል። በማገጃው ውስጥ ጥቃቅን ብልጭታ ሲኖር የሚበዛው ሃይድሮጅን ነው። ዘይቱ ክፉኛ ሲግል ኤቲሊን ይጨምራል። አሲቲሊን ከታየ ግን ነገሩ ጠንከር ይላል፤ ይህ ጋዝ በብዛት የሚፈጠረው ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ማለትም እሳት የሚተፋ ብልጭታ ባለበት ስለሆነ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲበረክት ወረቀቱ ይጠረጠራል።

ናሙና መቅዳቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን እጅ የለመደ ባለሙያ ይጠይቃል። ከጋኑ ሥር ያለው ቫልቭ ይከፈትና በቧንቧው ተኝቶ የከረመው ዘይት አስቀድሞ ይደፋል። ከዚያ ዘይቱ በመስታወት ሲሪንጅ ቀስ ብሎ ይሳባል። የአየር አረፋ ከገባ ውጤቱ ይዛባል፤ ብርሃን ካገኘውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሲሪንጁ ተሸፍኖ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

የጋዞቹን ቁጥር መፍታት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። በካናዳው የኃይል ኩባንያ በሃይድሮ-ኬቤክ ይሠራ የነበረው ሚሼል ዱቫል በ1974 የሦስት ጋዞችን፣ የሜቴንን፣ የኤቲሊንንና የአሲቲሊንን ድርሻ በአንድ ሦስት ማዕዘን ላይ የሚያስቀምጥ ዘዴ አወጣ። ነጥቡ ያረፈበት ቦታ የችግሩን ዓይነት ይጠቁማል። ዘዴው ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ሆኖም የአንድ ቀን ንባብ ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም፤ ባለሙያ የሚፈራው ከዓመት ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት የሚዘል ቁጥር ነው። ለዚህም በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ላይ ጋዙን ሌት ተቀን የሚለኩ መሣሪያዎች ይገጠማሉ።

ዘመናዊው መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት የነበረውም አልተጣለም። ጀርመናዊው ማክስ ቡኽሆልዝ በ1921 ባለቤትነቱን ያስመዘገበው ሪሌይ፣ በጋኑና በላይኛው የዘይት ማጠራቀሚያ መካከል ባለው ቧንቧ ላይ ይገጠማል። ቀስ እያለ የሚወጣው ጋዝ እዚያ ሲከማች ተንሳፋፊው ይወርድና ደወል ይደውላል፤ ዘይቱ በኃይል ሲገፋ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ከመስመር ያወጣዋል። ደወሉ ግን የሚደውለው ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ነው።

በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው የሰፈር ትራንስፎርመር ይህ ሁሉ ክብር አይደርሰውም። ብዙውን ጊዜ ምርመራው ከዋጋው አንጻር አያዋጣም፤ ስለዚህ ጭነቱን መለካት፣ የዘይት መፍሰስ ካለ ማየት፣ መጋጠሚያው ግሎ እንደሆነ በሙቀት ካሜራ መቃኘት ይበቃዋል።

የትልቁን ትራንስፎርመር ዕድሜ በመጨረሻ የሚወስነው ወረቀቱ ነው። የጎደፈ ዘይት ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ካስፈለገም ይቀየራል። ወረቀቱ ግን ከሽቦው ጋር ተጠቅልሎ የተሠራ ስለሆነ ጥቅልሉን አፍርሶ እንደገና ካልሠሩ አይታደስም። ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርጅናው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ወረቀቱ ሲያረጅ ፉራን የሚባሉ ውህዶችን ወደ ዘይቱ ይለቃል፤ ባለሙያዎች እነዚህን ለክተው ጋኑን ሳይከፍቱ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ይገምታሉ። ግምቱ አስቀድሞ መታወቁ ለበጀት ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ትራንስፎርመር ዛሬ ታዞ እስኪደርስ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።