ስም የማይዞርለት ዕቃ

አሜሪካ ውስጥ መኪናውን የሚሸጥ ሰው ሥራው ቀላል ነው። የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ይፈርማል፣ ገዢው ይዞት ሄዶ ስም ያዞራል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ቢጋጭም ቢቀጣም የሻጩ ጣጣ አይደለም። ሽጉጥ ግን ሊብሬ የለውም። የተራ ሽጉጥና ጠመንጃ ባለቤቶች የሚመዘገቡበት የፌዴራል መዝገብ የለም፤ እንዲያውም በ1986 የወጣ ሕግ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መንግሥት እንዲህ ያለ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ታዲያ ስም የሚዞርበት ቢሮ በሌለበት፣ አንድ ሰው ሽጉጡን ለሌላ ሰው ሲሸጥ የሚጻፈው ወረቀት ምንድን ነው? የሚያስቀምጠውስ ማን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከሱቅ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የተገደሉበት ጠመንጃ በፖስታ የታዘዘ ነበር፤ ያዘዘው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በሐሰት ስም ተጠቅሞ፣ ከነማጓጓዣው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም ከፍሎ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1968፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ይህን የፖስታ ንግድ ዘጋው፤ ከባለፈቃድ ነጋዴ የሚገዛ ሰው ሁሉ ቅጽ እንዲሞላ አዘዘ። ቅጹ ዛሬም በቁጥሩ ይጠራል፦ 4473። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ከዚያ የጥያቄ ዝርዝር፦ በወንጀል ተፈርዶብሃል? ከሕግ ሸሽተህ ነው? አደንዛዥ ዕፅ ትጠቀማለህ? ማሪዋና በሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል መሆኑን ቅጹ ራሱ ያስጠነቅቃል። ለእኛ ሰዎች የሚበጀው ቦታ የዜግነት ጥያቄው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቁጥሩን ጽፎ መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መሣሪያ መያዝም አይፈቀድለትም።

ብዙ ሰው የተሞላው ቅጽ ወደ ዋሽንግተን የሚላክ ይመስለዋል። አይላክም። የሱቁ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሱቁ ሲዘጋ ብቻ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ወዳለው የፌዴራል የመሣሪያ ፍለጋ ማዕከል ይሄዳል። ወንጀል የተፈጸመበት ሽጉጥ ሲገኝ ማዕከሉ መለያ ቁጥሩን ይዞ ፋብሪካውን ይጠይቃል፤ ፋብሪካው አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ ሱቁን ይጠቁማል፤ ባለሱቁ ወረቀቱን አገላብጦ የመጀመሪያውን ገዢ ስም ይሰጣል። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ይቆማል። መርማሪ በር ሲያንኳኳ ያ ሰው «ሸጥኩት እኮ» ቢል ቀጣዩ ጥያቄ «ለማን?» ነው።

የግል የሽያጭ ወረቀት ዋጋው እዚህ ጋ ይታወቃል። የፌዴራል ሕግ እዚያው ግዛትህ ውስጥ ከሚኖር ሰው ጋር የሚደረግን የግል ሽያጭ በወረቀት እንድትፈጽም አያስገድድህም፤ የሚከለክልህ ገዢው መሣሪያ እንዳይዝ የተከለከለ መሆኑን እያወቅህ፣ ወይም ለመጠርጠር በቂ ምክንያት እያለህ መሸጥን ነው። በ1998 ሥራ የጀመረው፣ ገዢው የተከለከለ መሆን አለመሆኑን የሚያጣራው የኤፍ.ቢ.አይ. ሥርዓት ደግሞ ለባለፈቃድ ነጋዴ እንጂ ለግለሰብ ሻጭ ክፍት አይደለም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሻጭ የራሱን ውል ይጽፋል፦ ቀን፣ የሁለቱ ስምና አድራሻ፣ የመሣሪያው ሥሪት፣ ሞዴል፣ የጥይቱ መጠን፣ መለያ ቁጥር፣ ዋጋ፣ ገዢው የተከለከለ አለመሆኑን የሚያረጋግጥበት ቃል፣ ፊርማ። የገዢውን መታወቂያ ቅጂ ማያያዝም አይከፋም። አገር ቤት ዋስ ይጠራ ነበር፤ እዚህ ዋሱ ይህች አንዲት ገጽ ናት።

ግዛቶቹ ግን የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ዋሽንግተን ስቴት በ2014 በሕዝብ ድምፅ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የግል ሽያጭም በባለፈቃድ ነጋዴ በኩል ተጣርቶ እንዲያልፍ ወስነዋል። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ የአክስቱ ልጅ ሽጉጡን መሸጥ ቢፈልግ፣ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢሆንም በሕግ ዓይን ሌላ አገር እንደመሻገር ነው። የተለያየ ግዛት ነዋሪዎች በቀጥታ መሸጥ መለወጥ አይችሉም፤ ሽጉጡ በገዢው ግዛት ባለ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት፣ ሜሪላንድ ደግሞ የራሷ ማመልከቻና የሰባት ቀን መጠበቂያ አላት። ነጋዴው ሽጉጡን መዝገቡ ላይ ያስገባል፣ የአክስቱ ልጅ 4473ን ይሞላል፣ ይጣራል። ሻጩ መሣሪያውን ትቶ ከሄደና ገዢው ከተከለከለ የሚገጥመው ነገር ያስቃል፦ የራሱን ሽጉጥ መልሶ ለመውሰድ እሱም ቅጹን ሞልቶ መጣራት ይኖርበታል።

ዝምድናም አያድንም። ቨርጂኒያዊው የቀድሞ ፖሊስ ብሩስ አብራምስኪ በ2009 ለፔንሲልቬንያው አጎቱ ግሎክ 19 ሊገዛለት ተስማማ፤ ለፖሊስ የሚደረገውን ቅናሽ ለመጠቀም ነበር። አጎቱ 400 ዶላር ቼክ ላከ፣ አብራምስኪ ሱቅ ሄዶ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» አለ። ከዚያ ሽጉጡን ፔንሲልቬንያ ወስዶ በነጋዴ በኩል፣ አጎቱ ተጣርቶ፣ በሕጉ መሠረት አስረከበ። አጎቱ ምንም ክልከላ የሌለበት ሰው ነበር። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ «አዎ» የሚለው መልስ ውሸት ነው ብሎ ጥፋተኝነቱን አጸና። በእኔ አስተያየት ሰውየው የተቀጣው ጥንቃቄውን በተሳሳተ ቦታ ስላዋለ ነው፦ ለርክክቡ የተጨነቀውን ያህል ለግዢው ቅጽ አልተጨነቀም። እኛ መሐል «በስሜ ልግዛልህ» ማለት የደግነት ወግ ስለሆነ፣ ይህ ፍርድ ሊታወቅ ይገባል።

አንድ የሚያስገርም ቀዳዳ አለ። የ1968ቱ ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራን ጠመንጃ ከነአካቴው «የጦር መሣሪያ» አይለውም። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዮቹ «ግራ» ጠመንጃ የ1874 ሞዴል ነው። አንድ የዳያስፖራ ልጅ ከቅድመ አያቱ የአድዋ ዘመን ውጅግራ ቢደርሰው፣ ፌዴራሉ 4473 ሙላ አይለውም፤ የሚኖርበት ግዛት ምን እንደሚለው ግን ጠይቆ ይያዝ።