ልጅ ተልኮ የሚገዛው ጠርሙስ

መንዝ ውስጥ ሞላሌ ላይ ሱቅ የሚጠብቅ ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ቃል ቢኖር «ተልኬ ነው» የሚለው ነው። ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ የሞባይል ካርድ፣ ሁሉም በልጅ ነው የሚገዛው። በመንዝ ልጅ ካለ ትልቅ ሰው ከተቀመጠበት ተነስቶ ሱቅ አይሄድም፤ ልጁም ሲላክ ደስ ብሎት ይሮጣል። እኔም እንዲሁ ስላክ ነው ያደግሁትና በዚህ ቅር አይለኝም። የሚከነክነኝ ከጨውና ከክብሪቱ ጋር አብሮ የሚላክበት ጠርሙስ ነው።

ባለፈው ክረምት ስምንተኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ ፌስታል አጣጥፎ ይዞ መጣ። «እትዬ፣ አባዬ አንድ ወይን ስጪው ብሎሻል» አለኝ። ምን ዓይነት እንደሆነ ስጠይቀው ምንም ሳያስብ «ጣፋጩን» ብሎ መለሰ፤ የጠርሙሱን ቀለም፣ የወረቀቱን ሥዕል፣ ዋጋውን ሳይቀር ነገረኝ። አባትህ ራሱ ይምጣ ብዬ ሰደድኩት። አባትየው መጣ፣ ግን ተቆጥቶ ነው። «ልጄን ሌባ አደረግሽው እንዴ? እንግዳ አስቀምጬ!» ሕጉን ላስረዳው ብሞክር አልሰማኝም፤ ሁለት በር አልፎ ካለው ሱቅ ገዝቶ ሄደ። ሰውየው ልጁን የሚወድ፣ ደብተሩን ማታ ማታ የሚያይለት አባት ነው። ወይን እንዲያመጣ ልጅ መላክ ዘይት እንዲያመጣ ከመላክ የሚለይ መስሎ አልታየውም፤ የሚለይ መሆኑንም የነገረው ሰው የለም።

ሕጉ ግን አለ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ቀድሞ በብዙዎቻችን አእምሮ የነበረው 18 ዓመት ነበር። አዋጁ ሲወጣ ብዙ የተወራው ግን ስለ ዕድሜው ሳይሆን ስለ ማስታወቂያው ነው። ያኔ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ከዜናው በፊት ቢራ፣ ከኳሱ በኋላ ቢራ ይሰማ ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ዶሮና ቢራ ብቻ ይሆን ነበር። አዋጁ የአልኮል ማስታወቂያን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ካልሆነ በቀር ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። በጤና በኩል ሲሟገቱ ለነበሩት ትልቅ ድል ነው፤ ልጆቻችን እራት በሚበሉበት ሰዓት ቢራ የደስታ ምልክት ሆኖ እንዳይቀርብላቸው አድርጓል። ለዚህ አመሰግናለሁ።

ማስታወቂያውን የሚያሰራጩት ጥቂት ጣቢያዎች ስለሆኑ እነሱን መከታተል ይቻላል። መጠጡን የሚሸጠው ግን በየመንደሩ ያለ ባንኮኒ ነው። አዲስ አበባ ባለው ሱፐርማርኬት ወይን ከብስኩቱ ቀጥሎ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ፤ ሞላሌ ላይ ደግሞ አዋሹ፣ ጉደሩ፣ አክሱማይቱ፣ አካሺያው ከሳሙናና ከደብተር ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ነው። ቁጥጥር የሚመጡ ሰዎች ንግድ ፈቃዴን፣ የዋጋ ዝርዝሬን፣ የዕቃውን የአገልግሎት ጊዜ አይተውብኝ ያውቃሉ። ለማን እንደምሸጥ የጠየቀኝ ግን የለም።

ቢጠይቁኝስ በምን ላስረዳ? የገዢውን ዕድሜ የምለየው ፊቱን አይቼ ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው፤ በላዩ የተጻፈው የልደት ዘመንም ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ወይም ወላጁ በቃል የተናገረው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ዛሬ ሃያና ሃያ አንድ ዓመት የሆናቸው የመንዝ ልጆች ሲወለዱ የልደት መዝገብ አልነበረላቸውም፤ እናቶቻቸው የሚያስታውሱት «የዚያን ዓመት ውርጩ ገብሱን ሲመታው» ብለው ነው። አሁን ፋይዳ መታወቂያ እየተስፋፋ ስለሆነ ወደፊት ይቀላል። እስከዚያው ግን ሕጉ የሰጠኝን ኃላፊነት የምወጣበት መሣሪያ የለኝም።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመጠጥ መደብር ይሠራል። ስንደዋወል የሥራ ነገር ማንሳታችን አይቀርም። እዚያም መጠጥ መግዣው ዕድሜ እንደኛው 21 ነው። እሱ ግን ገዢው ፀጉሩ የሸበተ ካልሆነ በቀር መታወቂያ ሳያይ ጠርሙስ አያስነካም፤ ላልደረሰ ልጅ ሲሸጥ ቢገኝ ቅጣቱ ከእሱ አልፎ የመደብሩን ፈቃድ ያሳግዳል። ሜሪላንድ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ ቅርንጫፍ ያላቸው ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ቢራና ወይን መሸጫ ፈቃድ አያገኙም። መጠጥ የሚሸጠው እንዲህ ባለው ትንሽ መደብር ነው፤ ከባለመደብሮቹም ብዙዎቹ ከኮሪያ፣ ከሕንድ፣ ከኛም አገር የሄዱ ናቸው። በዚሁ አቆጣጠር በ2024 መጨረሻ የግዛቱ ገዥ ዌስ ሙር ሕጉ ይቀየር፣ ቢራና ወይን በምግብ መደብርም ይሸጥ የሚለውን እንደሚደግፉ ተናገሩ። ሱፐርማርኬቶቹ ሕዝብ ይፈልጋል፣ ገዢው በአንድ ዙር ሁሉን ይግዛ አሉ፤ ባለ ትንሽ መደብሮቹ ደግሞ ዕድሜ ልካችንን የለፋንበት ይዘጋል ብለው ተነሱ። በ2025 ሕጉ ሳይለወጥ አለፈ፤ ክርክሩ ግን ያለ ነው። ሌሎች ግዛቶችና አገሮች በሌላ መንገድ ሄደዋል። ቴነሲ በ2014 ሕጉን አሻሽሎ ውሳኔውን ለየከተማው ነዋሪ ድምፅ ተወ፤ ወይን ሱፐርማርኬት የገባው በሐምሌ 2016 ነው። ፊንላንድ ወይንን አሁንም በመንግሥት መደብር ብቻ እየሸጠች በ2024 የምግብ መደብሮች እስከ 8 በመቶ አልኮል ያላቸውን የተጠመቁ መጠጦች እንዲሸጡ ፈቀደች።

አሜሪካ ላይ ሕዝብ የሚከራከረው ወይን ወደ ምግብ መደብር ይግባ አይግባ በሚል ነው። እኛ ዘንድ ማንም ሳይከራከርበት ገብቶ ተቀምጧል። ከዚያ አገር ሕግ የምቀናው በአንድ ነገር ነው፦ መጠጥ የሚሸጥበት ፈቃድ ለብቻው የሚሰጥና ሊነጠቅ የሚችል ነው። ባለሱቅ የሚጠነቀቀው የሚያጣው ነገር ሲኖር ነው። እኔ ያን ልጅ ስመልሰው ያጣሁት ደንበኛ ነው፤ የሸጠለት ሰው ምንም አላጣም። እንዲህ ሆኖ ሕግ አክባሪው ብቻ እየተቀጣ የትም አይደረስም።

ስለ መጠጥ ሕግ ሲወራ እዚህ አገር ብዙ ሰው የሚፈራው ለጠላ ሻጯ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እናቴ ያስተማረችኝ ጠላ ሸጣ ነው። የገብሱን አሻሮ ስትቆላ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት፣ ጌሾውን ስትወቅጥ፣ ድፍድፉን በጋን ከድና ስትጠብቅ አይቻለሁ። ሲደርስ በራችን ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች፤ መንገደኛው ያንን አይቶ ይገባል። በዚያ ቤት ልጅ ገብቶ ጠላ ሲጠጣ አላየሁም፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እናቴ ታውቃለች፣ ትመልሰዋለች። እርግጥ አረቄው ሌላ ነው። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው አረቄ በጀሪካን ተጭኖ በሲኒ ሲቸረቸር ምን ያህል አልኮል እንዳለው የሚናገር ወረቀት የለበትም፤ ቢራ 5 በመቶ ገደማ፣ ወይን ደግሞ 12 በመቶ ገደማ አልኮል እንዳለው ጠርሙሱ ላይ ይነበባል። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከወጣ ወዲህ የጠርሙሱ ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ ወደ አረቄው የዞረ ወጣት አውቃለሁና፣ ዋጋ ማስወደድ ብቻውን መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም።

የቢራው ነገርም ከኑሯችን የተነጠለ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ሀበሻ ቢራ በ2007፣ ዳሸንም ሁለተኛ ፋብሪካውን ብዙ ሳይቆይ ከከፈቱ ወዲህ፣ በኋላም የቤልጂጉ ቦርትማልት የብቅል ፋብሪካ ሲመጣ፣ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ለቢራ የሚሆን ገብስ እየዘራ ገንዘብ አይቷል። መጠጥ ይጥፋ የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበር አብሮን የኖረ ነገር ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ወይንም፣ ቢራም፣ አረቄም የሚሸጥ ሱቅ ከሸቀጣሸቀጡ የተለየ የመጠጥ ፈቃድ ይኑረው፤ ክፍያው እንደኔ ላለው የወረዳ ባለሱቅ የማይከብድ ይሁን፣ ያላግባብ ሲሸጥ የተገኘ ግን ይነጠቅ። ጠርሙሱ ልጅ እጁን ሰዶ ከሚያነሳበት መደርደሪያ ወጥቶ ከባንኮኒው ኋላ ይሁን። ከሁሉ በላይ «ተልኬ ነው» የሚለው ቃል መጠጥ ላይ እንዳይሠራ በግልጽ ይጻፍ። ዕድሜን ማስረዳት ባልተቻለበት አገር ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከሁሉ ይቀላል፦ ልጅ የመሰለውን ሁሉ፣ ማንም ቢልከው፣ መመለስ ነው። መታወቂያ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይጠይቅም።

አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅም የለብንም። መንዝ ውስጥ ሰው የሚፈራው ደንብ የእድር ደንብ ነው፤ ቀብር ሳይገኝ የቀረ የሚቀጣው በዚያ ነው። በእኛ እድር አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርቤአለሁ፦ አባል የሆነ ሰው መጠጥ እንዲገዛ ልጅ አይልክም፣ አባል የሆነ ባለሱቅም ለተላከ ልጅ አይሸጥም። ብዙዎቹ ሴቶች ወዲያው ተቀበሉት። ከወንዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፤ «እኔ ወገቤን የታመምኩት ልጅ ካልላክሁ ማን ያመጣልኛል?» አሉ። መልሱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። በእኛ ሰፈር አቅም ላነሳቸው ጠርሙሱን ሱቄን ስዘጋ እኔው ራሴ በራቸው ድረስ አደርሳለሁ ብዬ በጉባኤ ፊት ተናግሬአለሁ፤ የቀሩት ባለሱቆችም የየሰፈራቸውን እንዲይዙ ጸሐፊው መዝገብ ላይ አስፍሮታል።