ወተት ያጣችው አራስ ሰነፍ አይደለችም

በጭሮ፣ በሒርናና በገለምሶ አካባቢ አራስ አርባ ቀኗን ስትጨርስ ወደ ማሽላው አረምና ወደ ገበያው እንድትመለስ ይጠበቃል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት ጉልበቷ ያልተመለሰ እናት ግን ሰነፍ ትባላለች፤ ወይም ቡዳ በላት ይባላል። ይህ አስተሳሰብ መታረም ይኖርበታል።

በአንጎል ሥር ያለች፣ ሽምብራ የምታህል ዕጢ ወተትን፣ የወር አበባንና የሰውነትን ኃይል የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖችን ታመነጫለች። በእርግዝና ወራት ስለምታድግ ብዙ ደም ያስፈልጋታል፤ ደም በብዛት ሲፈስ ትጎዳለች። እንግሊዛዊው ሐኪም ሺሃን ይህን በ1937 እ.ኤ.አ. ጽፏል።

የመጀመሪያው ምልክት የጡት ወተት መጥፋት ነው። የወር አበባ ይቀራል፤ የብብት ፀጉር ይረግፋል፤ በፀሐይም ብርድ ይሰማል። አንዳንዱ ምልክት ከዓመታት በኋላ ይመጣል። የምታጠባ እናት የወር አበባዋ ቢዘገይ ግን በሽታ አይደለም፤ የሚያሳስበው ሁለቱም ሲጠፉ ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳዩን የሴቶች ነው ብለው መተው አይገባቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የወሊዱን ቀን፣ የደሙን ብዛት፣ የወተቱንና የወር አበባውን ሁኔታ በምሥጢር እንድትመዘግብ ቢያግዙ፣ ማስታወሻው ለሆስፒታሉ ሐኪም መነሻ ይሆነዋል። የጎደለው ሆርሞን በየዕለቱ በሚዋጥ ክኒን ይተካል፤ በድንገት ማቋረጡ ሕይወት ያሳጣል። እንዲህ ያለች እናት ካስታወካት ወይም ራሷን ከሳተች ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት።