ማፍያዋ ማሸነፍ ነበረባት!

እናንተዬ፣ በካርቱን ፊልም ምክንያት ከፍቅረኛው ጋር የተኳረፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። አስራ አንድ ቀን ሙሉ! ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ምን ያህል ነች? ገና ሳይሞቃችሁ ትደርሳላችሁ። ግን እሷ ሮቤ፣ እኔ ጎባ ሆነን ባህር ማዶ ያለን ያህል ተራራቅን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ገብተን የተማርነው አንድ ትልቅ ሕግ ነበር፤ አክተር አይሞትም፣ ማፍያ መጨረሻ ላይ የእጁን ያገኛል። አለቀ። እሷ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ለትምህርት መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ሮቤን ለምዳ እዚያው ሥራ ይዛ የቀረች። አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ያስለመደችኝ እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ «ዛሬ የማሳይህ ያገርህን ነው» ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። ፊልሙ «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» ይባላል፤ ሃያዎ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ነው።

«ያገርህን» ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ጥንታዊ ደን አለ፣ የሚናገሩ ተኩላዎች አሉ፣ ተኩላ ያሳደገቻት ሳን የምትባል ልጅ አለች። እኛስ? ከጎባ ሽቅብ ስንወጣ ሰነቲ ነው፤ አራት ሺህ ሜትር ላይ ብርዱ አጥንት ይበላል። ቀይ ቀበሮ እዚያ ፍልፈል ስታድን ትውላለች። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች አምስት መቶ አይሞሉም፤ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው። ከሰነቲ ወዲያ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ የሐረና ደን አለ። ይኸው ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጎባና ሮቤ ላይ ያልተደሰተ አልነበረም።

እና ፊልሙ ውስጥ ማፍያዋ ማን ናት? ወይዘሮ ኢቦሺ! ብረት ታቀልጣለች። ለማቅለጫው ከሰል ስለሚያስፈልጋት ደኑን ትጨፈጭፋለች፤ ተኩላና ከርከሮ ሲመጣባት በጠመንጃ ትመልሳለች። እስከዚህ ድረስ እኔም አብሬ «ወይ አረመኔ!» እያልኩ ነበር።

ከዚያ የከተማዋ በር ተከፈተና ውስጡን አየሁት። ወናፉን ሌት ተቀን እየረገጡ እሳቱን የሚያነዱት ሴቶች ናቸው፤ ከሴተኛ አዳሪ ቤት ገንዘብ ከፍላ ያወጣቻቸው። ሲስቁ፣ ሲቀልዱ፣ ወንዶቹን ሲያላግጡባቸው ታያላችሁ። ጓሮው ውስጥ ደግሞ ሰው የሸሻቸው የሥጋ ደዌ በሽተኞች አሉ። ቁስላቸውን አጥባ የምትጠቀልልላቸው ራሷ ኢቦሺ ናት፤ ጠመንጃ የመሥራት ሙያም ሰጥታቸዋለች። ልብ በሉ፣ በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ተሰድቧል፤ አፄ ምኒልክ ባለሙያን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ይቺ ሴትዮ ግን የተናቀውን ሙያና የተናቀውን ሰው አንድ ላይ ሰብስባ ከተማ ሠራች!

በመጨረሻስ? የጫካውን አምላክ ራስ ቆርጣ ለንጉሡ ሰዎች ልትሰጥ ስትል የተኩላዋ ራስ ክንዷን በጠሰው፤ ከተማዋም ፈረሰ። ኮረብታው ላይ ሣር በቀለና ፊልሙ አለቀ። ፍቅረኛዬ እንባዋን እየጠረገች «ደስ ሲል!» አለች።

እኔ ደግሞ «ምኑ ነው ደስ የሚለው? ማሸነፍ የነበረባት እሷ ናት!» አልኩ።

አየችኝ። «አንተ እኮ ደን ጨፍጫፊ ነህ» አለች። ለቀልድ ነው፣ ይገባኛል። ግን እኔን የት እንደመታችኝ አላወቀችም።

ሁለት ዓመት አብረን ስንቆይ አንድ ነገር ደብቄያት ነበር። እናቴ «ነጋዴ ናት» ብያታለሁ። ውሸት አይደለም፤ ነጋዴ ነበረች። የምትሸጠው ግን በጀርባዋ ከተራራው ያወረደችውን እንጨት ነበር። ደብተሬ፣ ጫማዬ፣ የዩኒቨርሲቲ መሳፈሪያዬ፣ ሁሉም ከዚያ ጭነት የወጣ ነው። ጎንበስ ብላ ስትመጣ ፊቷ አይታይም፤ አስታው ብቻ በራሱ የሚሄድ ይመስላል። እኔ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ ሳያት መንገድ የቀየርኩበት ቀን አለ። ይሄን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ኮቴን አንስቼ ወጣሁ፤ አስራ አንድ ቀን ስልክ አላነሳሁም።

በነዚያ ቀናት ያሰብኩትን ልንገራችሁ። የኢቦሺን ጥፋት አልክድም፤ አምላክ ላይ መተኮስ ምን ይባላል! ግን አክተሩ አሺታካ እንግዳ ነው፤ የትም ሄዶ መኖር ይችላል። ሳን ጫካ አላት። እነዚያ ሴቶችና በሽተኞች ግን ከዚያ አጥር ውጪ ምን አላቸው? ውጪው እኮ ብረቱን ሊዘርፍ የመጣ የጦር አበጋዝ ነው። ፊልሙ ውስጥ ለሌላ ሰው እንጀራ ያበሰለች እሷ ብቻ ናት።

ደግሞ እዚሁ ባሌ ቀይ ቀበሮን በብዛት የፈጃት ምን መሰላችሁ? የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ከእረኛ ውሻ የሚጋባ። እረኛው ውሻውን የያዘው በጎቹን ከጅብ ለመጠበቅ ነው። ማፍያው ማን ነው በሉ? የባለሙያዎቹ መፍትሔም እረኛውን ማባረር ሳይሆን ውሻውን መከተብ ነበር፤ እኔ ይሄ ደስ ይለኛል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። እሷ! ላፕቶፗን ይዛ። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ሌላ የምለው ስላጣሁ እዚያው በሩ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንጨቱንም፣ መንገድ መቀየሬንም። እናቴ ሰማች። ቡናውን ማማሰሏን ግን አላቆመችም።

ፍቅረኛዬ ምንም አላለችም። ገብታ ተቀመጠችና «እማማ፣ ያጣላንን ፊልም ላሳይዎት» አለች። እኔ እያስተረጎምኩ ሦስታችንም አየነው። ኢቦሺ በሽተኞቹ ጋ ስትገባ እናቴ «ይቺን ነው ክፉ የምትሏት?» አለች። ለራሴ አጨበጨብኩ! ዛፉ ሲወድቅ ግን ፊቷ ተቀየረ። «መጀመሪያ ጠዋት ወጥቼ ለቁርሳችሁ እደርስ ነበር። በኋላ በኋላ ሲመሽ ነበር የምገባው። እንጨቱ እየሸሸን ሄደ» አለች። ይሄን ለእኔም ነግራኝ አታውቅም።

ፊልሙ አለቀ። ሣሩ በቀለ። ፍቅረኛዬ እንባዋን ጠረገች።

«እሺ» አለች እናቴ፣ «ክንዷ ከተቆረጠ የነዚያን ሰዎች ቁስል ማን ያጥብላቸው?»

ሁለታችንም ዝም።

«እማማ፣ ሁለተኛውን እኔ ልቅዳ?» አለች ፍቅረኛዬ ጀበናውን እያየች።

«መጀመሪያ ጥያቄዬን መልሺልኝ።»