ትልቁን ሐውልት ዮዲት ጉዲት አልጣለችውም

አክሱም ሐውልቶች ሜዳ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በቆሙት ላይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን እግሩ ራሱ መሬት ላይ ተሰባብሮ ወደተጋደመው ግዙፍ ድንጋይ ይወስደዋል። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ነው። የሰው ልጅ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ጠርቦ ሊያቆማቸው ከሞከረ ሐውልቶች ሁሉ ከታላላቆቹ ተርታ የሚመደብ ነው። ማን ጣለው ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው ሳያመነታ ይመልስላችኋል፦ ዮዲት ጉዲት።

እኔም ይህንኑ ሰምቼ፣ አምኜ ነው ያደግሁት። ቁፋሮው የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

በትውፊት ዮዲት የምትባለዋ ንግሥት ዘመኗ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ንግሥት አገሪቱን እንደወረረች ከኢትዮጵያ ንጉሥ ወደ ኖባ የተላከ ደብዳቤ ይመሰክራል፤ ዐረቡ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀልም በዚያው ዘመን ሐበሻን የምትገዛ ሴት እንዳለች ጽፏል። ስለዚህ ሴትዮዋ አልነበረችም እያልሁ አይደለም። ትልቁ ሐውልት የተጠረበው ግን ከእርሷ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ አክሱም በወርቅ ገንዘብ በምትነግድበት ዘመን ነው። የወደቀውም ያኔውኑ ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? በ1960ዎቹ አጋማሽ ኔቪል ቺቲክ፣ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ዴቪድ ፊሊፕሰን የመሯቸው የቁፋሮ ቡድኖች በሐውልቱ ሥርና ዙሪያ ያለውን አፈር ንብርብር በንብርብር እየገለጡ አጠኑ። ከሐውልቱ ጎን መካከለኛ መተላለፊያና ዐሥር ክፍሎች ያሉት፣ በትላልቅ ድንጋዮች የተሠራ የምድር ውስጥ መቃብር አገኙ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ንፋስ ማውጫ የሚባለው መቃብር አለ፤ ጣሪያው ርዝመቱ ከ17 ሜትር የሚበልጥ፣ ክብደቱ 360 ቶን ገደማ የሚገመት አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። ሐውልቱ ሲወድቅ ጫፉ ያረፈው በዚህ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሕንፃም አናግቶታል። ፊሊፕሰን የደረሰበት፣ ብዙ ባለሙያዎችም የተቀበሉት ድምዳሜ ሐውልቱ ገና ሲቆም ወይም ቆሞ ብዙም ሳይቆይ ወድቋል የሚል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ግርጌውን ማየት ይበቃል። መሬት ውስጥ እንዲቀበር ሳይለሰልስ የተተወው ክፍል ከላይ ላለው ርዝመት እጅግ አጭር ነው። ያን ያህል ድንጋይ በዚያች ሥር አይጸናም።

ይህ እውነት ለምን ያስጨንቀኛል? በተረቱ ውስጥ ሐውልቱ የጠላት ቁጣ ሰለባ ነው። በእውነታው ውስጥ ግን ባለቤቶቹ አሉበት። 21 ሜትር የሚጠጋውን አቁመዋል፤ 24 ሜትሩን አቁመዋል፤ ከዚያ 33 ሜትር ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ይህን የሞከረ መሐንዲስ፣ ይህን የጠረበ ድንጋይ ጠራቢ፣ ያን ቀን ገመድ ይዞ የቆመ ሠራተኛ ታሪክ ይገባቸዋል፤ እኛ ግን ታሪካቸውን ወስደን ለዮዲት ሰጠናት። ከዚያ በኋላ በዚያ መጠን ሌላ ሐውልት አልተሞከረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት በመስቀል ተተካ፤ የነገሥታት የቀብር ሥርዓትም ተለወጠ።

ከዮዲት ቀጥሎ ጣሊያን ይከሰሳል። «ሁለተኛውን ሐውልት ፋሺስቶች ጥለው ሰባብረው ወሰዱት» ይባላል። ይህ 24 ሜትሩ ሐውልት ነው። መውሰዳቸው እውነት ነው፤ መጣላቸው ግን አይደለም። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉዞ አክሱምን ሲለካና ሲስል ሐውልቱ ቀድሞውኑ ተሰብሮ መሬት ላይ ነበር። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ስብርባሪዎቹን ጭነው ሮም ወሰዱ፤ እዚያም ገጣጥመው አቆሙት። ይህ ዘረፋቸውን አያቀልም፤ የወደቀ ንብረትም ንብረት ነው። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገባች። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። ውሉ ከተፈረመ 58 ዓመት አልፎ ነበር። በቦታው ቆሞ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነው። ክሱ በዚህ እውነት ላይ ሲቆም ማንም አይነቀንቀውም፤ ባልሠሩት ጥፋት ስንከሳቸው ግን የሠሩትንም እንዲያስተባብሉ በር እንከፍትላቸዋለን።

ሌላው ተረት ዱንጉር ስለሚባለው ቦታ ነው፤ ነገሩ አጭር ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ያለውን ፍርስራሽ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል። ፍራንሲስ አንፍሬ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆፍሮት ሃምሳ ያህል ክፍሎች ያሉት የባላባት መኖሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ዘመኑ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ጎበኘች የሚባለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ነው። በመካከሉ ከ1,500 ዓመት በላይ አለ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን «ይህን እኛ አልሠራነውም» የሚለው ነው። በተለያየ መልክ ይመጣል። አንዱ ግብፃውያን ሠሩት ይላል፤ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጡ ሳባውያን ይላል፤ ሌላው ድንጋዩ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ እንጂ የተጠረበ አይደለም ብሎ ይከራከራል። በታቦተ ጽዮን ኃይል ቆመ የሚለው የአክሱም ትውፊት ከእነዚህ የተለየ ነው፤ እምነት ነውና በአካፋ አይፈተንም፤ አክብሬው አልፋለሁ።

ለሌሎቹ መልሱ ሐውልቱ ላይ ተቀርጿል። የግብፅ ሐውልት ጫፉ እንደ ፒራሚድ የሾለ ነው፤ የአክሱሙ ጫፍ ክብ ነው፤ የብረት ጌጥ በምስማር የተመታበት ቀዳዳም ይታይበታል። ከታች በር ተቀርጿል፤ ከላይ መስኮት በመስኮት ላይ ተደርቧል፤ በየፎቁ መካከል ክብ ክብ የድንጋይ ጉብታዎች ተደርድረዋል። ይህ የቤት ሥዕል ነው፤ ጉብታዎቹም ከግድግዳ ወጣ ያሉ የወራጅ እንጨት ጫፎች ናቸው፤ የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። እንጨቱን በእውን ለማየት የፈለገ ደብረ ዳሞ ይውጣ፤ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን አሁንም ቆሟል። በላሊበላም ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉት ሰዎች ይህንኑ አሠራር በአለት ላይ ደግመውታል። ሐውልቱን የቀረጸው ሰው የቀረጸው የአገሩን ቤት ነው።

ከሳባውያን ጋር ግንኙነት ነበር፤ የሐ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ ምስክር ነው። ግንኙነት ግን ባለቤትነት አይደለም። በአክሱም አጠገብ ባለው ቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ላይ ሮዶልፎ ፋቶቪችና ካትሪን ባርድ ባደረጉት ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ መቃብርን በቆመ ድንጋይ የማመልከት ልማድ እዚያው እንደነበረ ታይቷል። መጀመሪያ ያልተጠረበ ሻካራ ድንጋይ፣ ኋላ የለሰለሰ፣ በመጨረሻም ፎቅና በር ያለው። ይህ በአንድ ቀን ከውጭ የመጣ ጥበብ ሳይሆን በመንደሩ ያደገ ነው።

ድንጋዩ የመጣበትም ቦታ ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጎቦ ድራ የሚባል ኮረብታ አለ። በአለቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ ጎድጓዶች ይታያሉ፤ ጠራቢዎቹ ሽብልቅ እያስገቡ ድንጋዩን የሰነጠቁባቸው ናቸው። አክሱም የምትሄዱ ሁሉ ከሐውልቶቹ በኋላ ወደዚያ ሳትሄዱ አትመለሱ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ተጀምሮ ከአለቱ ሳይላቀቅ የቀረ ሐውልት እስከ ዛሬ እዚያው አለ።