በሥራ ቦታ የሚፈጸም ትንኮሳ፦ እንዴት እንለየው? እንዴትስ እንከላከለው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

ሥራ የበደል ቅጣት አይደለም፤ አዳም ገና ሳይበድል በገነት ሥራ ተሰጥቶት ነበርና (ዘፍ. 2፥15)። ስለዚህ ሰው የዕለት እንጀራውን ሊያገኝ በወጣበት ቦታ ክብሩ ሲደፈር፣ በደሉ በግለሰቡ ላይ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ሰውን በአርአያውና በአምሳሉ በፈጠረ አምላክም ፊት የሚቆም ነው። ብዙዎቻችን ግን ትንኮሳን “ቀልድ ነው”፣ “የአለቃ ጠባይ ነው” እያልን እናልፈዋለን። የተበደለውም እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ ዝም ይላል። በዚህ ጽሑፍ ትንኮሳን እንዴት እንደምንለይና ከመፈጸሙ በፊት እንዴት እንደምንከላከል ከቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ እንማራለን።

ትንኮሳ በምን ይታወቃል?

ጻድቁ ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ተሽጦ የገባ አገልጋይ ነበር። የጌታው ሚስት እምቢታውን ከሰማች በኋላም ዕለት ዕለት ከመነዝነዝ አላቆመችም (ዘፍ. 39፥10)። በዚህ ታሪክ የትንኮሳ ምልክቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። በመጀመሪያ ድርጊቱ በተቀባዩ ዘንድ ያልተፈለገ ነው። ሁለተኛ፣ እምቢታ ከተገለጠ በኋላ ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ ፈጻሚው በሥልጣኑ ይተማመናል። አራተኛ፣ እምቢ ማለት በቀልን ያስከትላል፤ ዮሴፍም በሐሰት ተከስሶ ወኅኒ ወርዷል። ትንኮሳ በሴቶች ላይ ይበረታ እንጂ ወንዶችም እንደሚደርስባቸው ከዚሁ እንረዳለን። ሁልጊዜ መደጋገም አለበት ማለት ግን አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ከባድ ድርጊትም ትንኮሳ ነው።

በዘመናችን ስለ ሰውነት ቅርጽ የሚሰነዘር አስተያየት፣ ያለ ፈቃድ መንካት፣ በስልክ የሚላክ ነውረኛ መልእክት፣ ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለውል እድሳት ሲባል የሚቀርብ ግላዊ ጥያቄ ሁሉ ትንኮሳ ነው። ሠራተኛን በሰው ፊት መዝለፍ፣ በብሔሩ ወይም በአካል ጉዳቱ መዘባበት፣ ሆን ብሎ ማግለልም ከዚሁ የሚቈጠር ነው። ማዕተብ በማሰራችን ወይም በመጾማችን ሲሳለቁብን እንደሚያመን ሁሉ፣ እኛም በሌላ እምነት ተከታይ ባልደረባችን ላይ ብንሳለቅ በዚያው በደል እንወድቃለን። በአንጻሩ አለቃ የሥራ ጉድለትን በአግባቡ ቢያርም ትንኮሳ አይባልም። ተግሣጽ ሥራውን ያቀናል፤ ትንኮሳ ግን ሰውየውን ያዋርዳል።

ቦዔዝ አስቀድሞ አዘዘ

ሩት ባሏ የሞተባት፣ ከሞዓብ የመጣች ስደተኛ፣ በሰው እርሻ ላይ የምትቃርም ድሀ ነበረች። የሚቆምላት ዘመድ በአጠገቧ አልነበረም። የእርሻው ባለቤት ቦዔዝ ጥፋት እስኪፈጸም አልጠበቀም። ጎልማሶቹ እንዳይነኳት አስቀድሞ አዘዘ፤ ይህንንም ለራሷ ነገራት (ሩት 2፥9)። ኋላም በቃል እንዳያሳፍሯትና እንዳይወቅሷት ጨምሮ አዘዘ (ሩት 2፥15-16)። መከላከል ማለት ይህ ነው፤ ሕጉ ከጥፋቱ ይቀድማል፣ የሚጠበቀው ሰው ሕጉን ያውቀዋል፣ ሕጉም እጅን ብቻ ሳይሆን አንደበትንም ይገዛል።

እንግዲህ ድርጅት የምንመራ ምእመናን ክልከላውን በጽሑፍ እናውጣ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም በተቀጠረበት ቀን እናስረዳ። በዳዩ ራሱ አለቃው ሊሆን ስለሚችል አቤቱታ የሚቀበሉ ከአንድ በላይ ሰዎች ይኑሩ። አቤት ያለ ሠራተኛም ከበቀል ይጠበቅ። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤቶች፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በማኅበራት የምናገለግልም ከዚህ ሥርዓት ውጪ አይደለንም።

ቤታችንም ለቤት ሠራተኛችን የሥራ ቦታዋ መሆኑን አንዘንጋ። ከገጠር የመጣች ልጅ ከውስጥ የሚቈለፍ ማደሪያ አላትን? ቤተሰቧን በስልክ ታገኛለችን? ከቤተሰባችን አንዱ ቢያስቸግራት ለማን ትናገራለች? እነዚህን ጥያቄዎች በጓዳችን ሳንመልስ በአደባባይ ስለ ፍትሕ ብንናገር ቃላችን ባዶ ይሆናል።

አቤቱታ ሲቀርብ

ጲጥፋራ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ በቊጣ ፈረደ፤ ንጹሑም ታሰረ። በሶስና ላይ ሁለት ሽማግሎች በሐሰት በመሰከሩ ጊዜ ግን ነቢዩ ዳንኤል ለየብቻ ጠይቆ ውሸታቸውን ገለጠ። የተከበሩ ሽማግሎችና ፈራጆች መሆናቸው ከመመርመር አላዳናቸውም። ስለዚህ አቤቱታ የቀረበለት ሰው አቤት ባዩን አያሳፍር፤ ተከሳሹንም ሳይሰማ አይፍረድ፤ ነገር ግን ስለ በዳዩ ክብር ወይም ስለ ድርጅቱ ስም ብሎ ጉዳዩን አይሸፍን።

የሀገራችን ሕግም ይህን በደል ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪም ሠራተኛም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት እንዳይፈጽሙ ያዝዛል። በአንቀጽ 32 መሠረትም ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪ ይህ የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ባልደረባው ያደረሰበትን በደል ለአሠሪው አሳውቆ ተገቢ እርምጃ ያልተወሰደለትም እንዲሁ። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር ወይም በእርሷ ላይ ያለውን የአሠሪነት ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ ግብረ ሥጋ የሚፈጽምን ይቀጣል። ስለዚህ ትንኮሳ የደረሰበት ሰው ቀኑን፣ ቦታውንና የተነገረውን ይመዝግብ፤ መልእክቶችን አያጥፋ፤ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ሳይውል ሳያድርም የሕግ ምክር ይጠይቅ።

ትዕግሥት ዝምታ አይደለም

የተበደለችን እኅት “ታገሺ፣ እንጀራሽ ነው” ወይም “አለባበስሽን አስተካክዪ” ብሎ መሸኘት ክርስቲያናዊ ምክር አይደለም። ዮሴፍ ትዕግሥተኛ ነበር፤ ሆኖም ልብሱን ጥሎ ሸሸ። ሶስና እግዚአብሔርን ትፈራ ነበር፤ ሆኖም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጮኸች። መሸሽም መጮኽም የቅዱሳን መንገድ ነው። እንግዲያውስ የምትጮኸውን የሚሰማት፣ የሚሸሸውን የሚያስጠጋው ማን ነው? ይህ የአበ ነፍስ፣ የባልደረባና የቤተሰብ ድርሻ ነው። በተለይ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ባልደረባ ዝምታው ለበዳዩ ጉልበት እንደሚሆነው ይወቅ።

በዚህ በደል የወደቀ ወንድም ወይም እኅት ካለ የንስሐ በር አልተዘጋም። ዘኬዎስ ግን በጌታ ፊት ቆሞ በቃል ብቻ አልተጸጸተም፤ የበደለውን አብልጦ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። ድርጊቱን ማቆም፣ የተበደለውን ይቅርታ መጠየቅ፣ ያጠፉትን ስምና ያሳጡትን ሥራ መመለስ የእውነተኛ ንስሐ ፍሬ ነው።

ዮሴፍን በወኅኒ ያልተወው፣ ሩትን በባዕድ ሀገር የጠበቃት፣ የሶስናን ጩኸት የሰማ አምላክ የተበደሉትን ያጽናና፤ እኛንም ለሠራተኞቻችንና ለባልደረቦቻችን እንደ ቦዔዝ ጥላ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር